ምርቃና እና ዱካክ፦ አንጎል ደስታን የሚያካክስበት መንገድ

ከወንዶ ገነት ማሳ የተቆረጠ ጫት ሐዋሳ የሚገባው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውሃ እየተረጨበት፣ በጥድፊያ ነው። ያደረ ጫት ዋጋው ይወድቃል፤ ቃሚም ፊቱን ያዞርበታል። ጥድፊያው ኬሚስትሪያዊ ምክንያት አለው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለውና ለምርቃናው ዋነኛ መንስኤ የሆነው ካቲኖን፣ ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ካቲኖን በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው በ1975 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሠራሩም ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ የነርቭ ሕዋሳት ያከማቹትን፣ ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ያስለቅቃቸዋል። ስለ ጫት ስንከራከር ዘወትር የምናነሣው ይህንን ደስታ ነው፤ አንዱ ያወድሰዋል፣ ሌላው ያወግዘዋል። ሱሰኛን አስሮ የሚይዘው ግን በአብዛኛው ደስታውን ተከትሎ የሚመጣው፣ አንጎል ራሱ የሚሠራው ሕመም ነው።

ይህን ሐሳብ በ1974 መልክ ያስያዙት ሪቻርድ ሰለሞን እና ጆን ኮርቢት የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። እንደ እነርሱ አባባል አንጎል ከመካከለኛ ሁኔታው በኃይል ሲገፋ፣ ወደ ቦታው ለመመለስ የተቃራኒውን ስሜት ያስነሣል። ይህ ተቃራኒ ስሜት ዘግይቶ ይመጣል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል፤ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ እየበረታና እየረዘመ ይሄዳል። በ1997 ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ኩብ እና ሚሸል ለ ሞዋል ሐሳቡን በአንጎል ኬሚስትሪ አስደግፈው አሰፉት። ዶፓሚን ደጋግሞ ሲጥለቀለቅ ዳይኖርፊን የተባለው ኬሚካል ይበዛና የዶፓሚንን ፍሰት ይገታል፤ ጭንቀትን የሚቀሰቅሰው ሥርዓትም ይነቃል። በኖራ ቮልኮቭ የተመሩ የአንጎል ምስል ጥናቶች በበኩላቸው በኮኬይን፣ በአልኮልና በሜታምፌታሚን ሱሰኞች ላይ ዶፓሚንን የሚቀበሉ ተቀባዮች ቀንሰው አግኝተዋል። ሚዛኑ ወደ ሕመም በኩል ተጋድሞ ሲቀር፣ ሰውየው ቀድሞ ደስ ለመሰኘት ይወስድ የነበረውን ነገር እንደ ማንም ሰው ለመሆን ብቻ ይወስደዋል።

የዘወትር ቃሚን ውሎ በዚህ ዓይን ማየት ብዙ ነገር ያብራራል። በርጫው፣ ማለትም የመቃሚያው ጊዜ፣ ሲጀመር ጨዋታው ይደራል፤ የካቲኖን መጠን በደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የማይታቀድ ንግድ፣ የማይሠራ ቤት የለም። ከዚያ ወሬው ይቀዘቅዛል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይተክዛል፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላል። በማግስቱ ድካምና ንጭንጭ ይነግሣሉ፤ ቀትር ሲያልፍ ሀራራው ይመጣል። ጨርሶ ያቋረጠ ሰው ደግሞ ዱካክ ይጫነዋል፤ በቅዠት እየባነነ ያድራል። ምርቃናውን ለመስበር ማምሻውን በመጠጥ የሚደረገው ጨብሲ ነገሩን ያባብሰዋል። አልኮል የጫቱን መነቃቃት ለጊዜው ቢያበርድም፣ አንጎል ለእርሱም የራሱን ማካካሻ ስለሚያዘጋጅ ጠዋት ላይ የሁለት ነገር ሕመም በአንድ ሰው ላይ ይደራረባል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ጫት የሚቅም ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። እውነት ነው። በ1999 በታተመው፣ በቡታጅራ አካባቢ 10,468 አዋቂዎችን ባካተተው ጥናት ግማሾቹ በወቅቱ የሚቅሙ ነበሩ፤ ከእነዚህ ግን በየቀኑ እንደሚቅሙ የተናገሩት 17.4 በመቶ ብቻ ናቸው። 80 በመቶዎቹ ቃሚዎች ምክንያታችን ለጸሎት መትጋት ነው ብለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2006 ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲውል አልመከረም። ይህ ሁሉ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ማካካሻው የሚበረታው በመደጋገም ከሆነ፣ ወሳኙ ነገር በሁለት በርጫዎች መካከል ያለው ጊዜ ነው። በሳምንት አንዴ የሚቅም ሰው አንጎሉ ወደ ቦታው የሚመለስበት ዕድል አለው። የትናንቱ ሕመም ሳይለቀው የዛሬውን የሚጀምር ሰው ግን ያንን ዕድል ለራሱ አይሰጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ነገሩ የአንጎል ከሆነ፣ በፈቃዳቸው የሚያቆሙ ሰዎች ከየት መጡ? ተመራማሪዋ ሊ ሮቢንስ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሄሮይን ሱስ የሆነባቸውን አሜሪካውያን ወታደሮች ስትከታተል፣ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ዳግም ሱሰኛ የሆኑት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው አግኝታቸዋለች። ውጤቱ አንጎልን ከነገሩ አያስወጣም። ሀራራን የሚቀሰቅሱት ቦታው፣ ሰዓቱና ጓደኛው ጭምር ናቸው፤ ወታደሮቹ ያንን ሁሉ ከኋላቸው ትተው ነው የተመለሱት። በሐዋሳ ጫት ለማቆም የወሰነ ሰው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን እዚያው ሰፈር፣ እነዚያው ጓደኞቹ መካከል ነው። ቁርጠኝነቱ ከወታደሮቹ ያነሰ ስለሆነ አይደለም የሚከብደው፤ ቀስቃሹ በየመንገዱ ስለሚጠብቀው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ሜታምፌታሚን ያቆሙ ሰዎች ላይ የተደረገ የ2001 ጥናት፣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ የዶፓሚን ሥርዓታቸው ጉልህ ማገገም እንዳሳየ አረጋግጧል። ጫት ደግሞ ከሜታምፌታሚን የለዘበ ነው። ስለዚህ ለሚያቆም ሰው የጫትን ክፋት ከመደጋገም ይልቅ ሊመጣበት ያለውን አስቀድሞ መንገር ይበልጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርትና ዱካክ ያለ ጫት መኖር ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ ሳይሆኑ አንጎሉ ገና ሲያካክስ የሚፈጥራቸው አላፊ ምልክቶች ናቸው። ይህን ሳያውቅ የጀመረ ሰው፣ ሕይወት ከእንግዲህ እንዲህ ነው ብሎ በሦስተኛው ቀን ወደ በርጫው ይመለሳል። የሚያውቅ ሰው ግን የሚታገሠው ማለቂያ ያለው ነገር መሆኑን ይዞ ይጀምራል። ቤተሰቡም የከሰዓቱን ሰዓት በሥራ ወይም በሌላ ጨዋታ ቢሞላለት፣ ከማንኛውም ተግሣጽ የበለጠ ያግዘዋል።