ሁኔታዊ ዕድል ከሰንጠረዥ

ሁኔታዊ ዕድል ወይም ሁኔታዊ ፕሮባቢሊቲ አንድ ነገር መሆኑ አስቀድሞ ሲታወቅ ሌላው ነገር የመሆን ዕድሉ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ሰዎች በሁለት መለያ ተከፋፍለው የተቆጠሩበት ሰንጠረዥ ካለ ስሌቱ አንድ ማካፈል ብቻ ነው። ተማሪዎችን የሚያሳስተው ለየትኛው ድምር ማካፈል እንደሚገባ መለየቱ ነው።

== ምሳሌ፦ የወባ ምርመራ ==

አቦምሳ በኦሮሚያ ክልል፣ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ሲሆን ዋናው ወቅቱም ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በዚህ ወቅት እንደ አቦምሳ ባለ ከተማ ትኩሳት ይዟቸው ጤና ጣቢያ የመጡ 400 ሰዎች በፈጣን መመርመሪያም በማይክሮስኮፕም ታዩ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ እንጂ ከመዝገብ የተወሰዱ አይደሉም፤ የማይክሮስኮፑ ውጤት እንደ እውነት ተወስዷል።

| | ፖዘቲቭ | ኔጌቲቭ | ድምር |
|---|---|---|---|
| ወባ አለ | 76 | 4 | 80 |
| ወባ የለም | 16 | 304 | 320 |
| ድምር | 92 | 308 | 400 |

ወባ ያለበትን ሰው መመርመሪያው ፖዘቲቭ የማለት ዕድሉ ስንት ነው? ሁኔታው «ወባ አለ» ስለሆነ የምናየው የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ ነው፦ 76 ÷ 80 = 0.95። ታካሚው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ «ፖዘቲቭ ተብያለሁ፤ በእርግጥ ወባ ይዞኛል?» አሁን ሁኔታው «ፖዘቲቭ» ነው፤ ወደ ዓምዱ እንሄዳለን፦ 76 ÷ 92 ≈ 0.83። ከላይ ያለው 76 አልተለወጠም፤ የተለወጠው አካፋዩ ነው። 76 ÷ 400 = 0.19 ደግሞ ሁለቱም ነገሮች አብረው የመገኘት ዕድል ነው፤ በፈተና ላይ ብዙ ጊዜ በስህተት የሚጻፈው ይህ ነው።

በቀመር ሲጻፍ፦

ዕ(ሀ | ለ) = ዕ(ሀ እና ለ) ÷ ዕ(ለ)፣ ዕ(ለ) ዜሮ ካልሆነ

«ሀ | ለ» የሚነበበው «ለ መሆኑ ሲታወቅ ሀ» ተብሎ ነው። በምሳሌው 0.19 ÷ 0.23 ያንኑ 0.83 ገደማ ይሰጣል።

== ወቅቱ ሲለወጥ ==

ያው መመርመሪያ በበጋ፣ ወባ ሲቀንስ፣ በሌሎች 400 ትኩሳት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይሞከር። አሁን ወባ ያለባቸው 20 ብቻ ናቸው።

| | ፖዘቲቭ | ኔጌቲቭ | ድምር |
|---|---|---|---|
| ወባ አለ | 19 | 1 | 20 |
| ወባ የለም | 19 | 361 | 380 |
| ድምር | 38 | 362 | 400 |

በረድፉ 19 ÷ 20 አሁንም 0.95 ነው፤ ወባ ከሌለባቸውም እንደ ቀድሞው 5 በመቶው በስህተት ፖዘቲቭ ሆነዋል። በዓምዱ ግን 19 ÷ 38 = 0.5። ፖዘቲቭ ከተባሉት ግማሾቹ ትኩሳታቸው ከሌላ በሽታ የመጣ ነው፤ የወባ መድኃኒት ብቻ ተሰጥቷቸው ቢሸኙ ያ በሽታ ሳይታከም ይቀራል።

እንዲህ ያለ የተሳሳተ ፖዘቲቭ ከምን ይመጣል? አንዱ ምክንያት የታወቀ ነው፦ ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት የፋልሲፓረም ወባ ተውሳክ የሚያመነጨውን ፕሮቲን ሲሆን፣ ይህ ፕሮቲን ሰውየው ታክሞ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል።