በጨጓራ የሚቈይ የደም ግፊት ክኒንና የጾም ሰዓት

ከእናንተ መካከል በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ወላጆች ያሏችሁና የደም ግፊት ክኒን ገዝታችሁ በመንገደኛ እጅ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የምትልኩ እንደማትታጡ የታወቀ ነው። ክኒኑ እጃቸው ገብቶ ሳለ ግን፣ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም የማይቀምሱ ከሆነ፣ የጧቱ ክኒን ሳይዋጥ ይውላል። በቀን 3 ጊዜ ለታዘዘለት ሕመምተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ካፕቶፕሪል የተባለውን መድኀኒት እንመልከት። ወደ ደም ከገባው እኩሌታው በ2 ሰዓት ገደማ ስለሚወጣ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ መዋጥ ግድ ይሆናል። ደግሞም በጨጓራ አሲድ ውስጥ ደኅና ሆኖ ይቈያል፤ ወደ አንጀት ወርዶ አሲዱ ሲቀንስ ግን በቀላሉ ይበላሻል። ከዚህም የተነሣ የመድኀኒት ቅመማ ሊቃውንት፣ ክኒኑ ራሱ በጨጓራ ተቀምጦ መድኀኒቱን ጥቂት በጥቂት የሚያወጣበትን ዘዴ ፈለጉ።

አሠራሩን ለመረዳት ተልባን ማሰብ ይበቃል። ተልባ በውሃ ሲነከር ዙሪያውን ልጋግ እንደሚያበጅ ሁሉ፣ በክኒኑም ውስጥ ሲርስ የሚያብጥ ቅመም ይገባበታል። ጥቂት ሶዳም ይጨመርበታል፤ ሶዳው ከጨጓራው አሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙም በልጋጉ ታፍኖ ክኒኑን ከጨጓራው የታች በር አርቆ ያንሳፍፈዋል።

ነገር ግን ባዶ ጨጓራ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንድ ብርቱ ማዕበል እየተነሣ የቀረውን ሁሉ ወደ አንጀት ይጠርገዋል፤ ክኒኑም አብሮ ይሄዳል። ማዕበሉን የሚገታው ምግብ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ክኒን በጾመኛ ሆድ ከተራው ብዙ አይሻልም፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ከምግብና ከበቂ ውሃ ጋር ሲዋጥ ነው የሚረባው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ምግብ የካፕቶፕሪልን ወደ ደም መግባት በሲሶ ያህል ይቀንሰዋልና፣ ክኒኑ የሚሻውን መድኀኒቱ ይጠላዋል! ተንሳፋፊው ካፕቶፕሪል በላቦራቶሪ ከ20 ዓመት በላይ ቢሞከርም፣ በሐኪም የሚታዘዘው ዛሬም ተራው ክኒን ነው።

አምሎዲፒን የተባለው ግን እኩሌታው ከደም እስኪወጣ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ስለሚፈጅ፣ በጨጓራ መቈየት አያሻውም። በቀን 1 ጊዜ፣ ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ማታም ቢሆን ይዋጣል። እንግዲህ ለወላጆቻችሁ በቀን 3 ጊዜ የሚዋጥ ታዝዞላቸው እንደ ሆነ፣ ጾሙ ሳይገባ በቀን አንድ ጊዜ የሚበቃ መድኀኒት ይስማማቸው እንደ ሆነ ሐኪማቸውን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አትለውጡ። ቀስ እያለ እንዲሠራ የተዘጋጀ ክኒን ስትልኩም፣ ሳይሰበርና ሳይታኘክ እንዲዋጥ በማሸጊያው ላይ በጕልህ ጻፉላቸው፤ ከተሰበረ የቀኑ ድርሻ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይፈስሳልና።