የሞተር መጋዝ ፍሪሲዮን ኩሽኔታ አመረማመርና አያያዝ

ባሕር ዛፍ ተክለው አጣናና ማገዶ የሚሸጡ ገበሬዎች በመጥረቢያ ፈንታ የሞተር መጋዝ ሲይዙ፣ ሰንሰለቱን መሳል አይዘነጉም። በፍሪሲዮኑ ታምቡር ውስጥ የተሸሸገው ትንሽ ኩሽኔታ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኩሽኔታው ሲበላ ሰንሰለቱ ሳይታዘዝ ሊዞር ይችላል፤ ሳይታዘዝ የሚዞር ሰንሰለትም የሰው እግር ይቆርጣል።

ኩሽኔታው የሚያልቀው መቼ ነው?

ቤንዚን ሲሰጡትና የሞተሩ ዙር ሲጨምር፣ የፍሪሲዮኑ ጫማዎች ወደ ውጭ ተገፍተው ታምቡሩን ይይዙታል፤ ታምቡሩም ሰንሰለቱን ያዞራል። ዙሩ ሲቀንስ ሞላዎቹ ጫማዎቹን ወደ ውስጥ ስለሚስቧቸው ታምቡሩ ይቆማል። የሞተሩ ዘንግ ግን በታምቡሩ ውስጥ መዞሩን አያቋርጥም። ኩሽኔታው የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ እንጨት ሲቆረጥ ታምቡሩና ዘንጉ አብረው ስለሚዞሩ ኩሽኔታው ያርፋል። የሚደክመው መጋዙ ሳይቆርጥ በሚኒሞ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ግንድ እስኪገለበጥ ድረስ ሞተሩን ያጥፉ። የሰንሰለቱ ፍሬን ተይዞ ሳለ ቤንዚን መስጠት ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል፤ ታምቡሩ ይግላል፣ የኩሽኔታውም ግራሶ ይቃጠላል።

የማለቅ ምልክቶች

1ኛ/ በሚኒሞ ጊዜ የመፋጨት ወይም የማፏጨት ድምፅ ይሰማል።
2ኛ/ ታምቡሩ ሲዞር ይወላገዳል።
3ኛ/ ታምቡሩ ወይም ዘንጉ ከሙቀት የተነሣ ሰማያዊ መልክ ይይዛል።
4ኛ/ ሰንሰለቱ በሚኒሞ መዞሩን አይተውም። ይህ ሚኒሞው ከፍ በማለቱ ወይም ሞላው በመላላቱም ይመጣልና፣ አስቀድሞ ሚኒሞውን ዝቅ ማድረግ ነው። ሰንሰለቱ አሁንም ካልቆመ ፍሪሲዮኑ ይመርመር።

አመረማመር

ሞተሩን አጥፍተው እስኪበርድ ይጠብቁ፤ የካንዴላውንም ገመድ ይንቀሉ። ፍሬኑን ለቀው ክዳኑን፣ ሰንሰለቱንና ላማውን ያውጡ፤ ሰጋቱራውን በብሩሽ ይጥረጉ። ከዚያ በኋላ ታምቡሩን በጣትዎ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። ጥቂት እንቅስቃሴ ያለ ነው፤ በግልጽ ከተጋደለ ግን ኩሽኔታው አልቋል።

ታምቡሩ ከውጭ በኩል በሆነው መጋዝ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ መያዣ በካቻቢቴ ማውጣት ይበቃል፤ ተፈናጥራ እንዳትጠፋ በመዳፍዎ ይከልሏት። ፍሪሲዮኑ ከውጭ የሆነው ግን በአብዛኛው የሚፈታው በተገላቢጦሽ ወደ ቀኝ በማዞር ነው። በግድ መፍታት ፒስቶኑን ስለሚሰብር ለመካኒክ ይስጡት።

ኩሽኔታውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ይመልከቱ። መርፌ መሰል ዘንጎቹ ሁሉም ሊኖሩ፣ ለስላሳና ድቡልቡል ሊሆኑ ይገባል። የተቦረቦረ፣ የጠቆረ ወይም ማቀፊያው የተሰነጠቀ ከሆነ ይለውጡት። የሞተሩ ዘንግ ከተጫረ አዲሱም ኩሽኔታ አይበረክትም። ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርስ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከተበላም መለወጥ አለበት።

ደኅና ከሆነ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ቀብተው ይመልሱት። ግራሶው ከበዛ ወደ ጫማዎቹ ተረጭቶ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ገጥመው ሲጨርሱ መጋዙን መሬት ላይ አስነሥተው ሰንሰለቱ በሚኒሞ ጸጥ ብሎ መቆሙን ያረጋግጡ፤ ካልቆመ ወደ ሥራ አይውጡበት።

የልማት ሠራተኞችም በቀበሌያችሁ ያሉትን የመጋዝ ባለቤቶች ከቆረጣው ወራት በፊት ሰብስባችሁ ይህን ምርመራ በተግባር ብታሳዩአቸው፣ ከአደጋም ከኪሳራም ታድኗቸዋላችሁ።