ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው ልጅ

በእንግሊዝ አገር በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የቤተ ሰብን ኑሮ የሚያሳይ ሥዕል እጅግ ይወደድ ነበር። ከነዚህም አንዱ ጆርጅ ሞርላንድ የተባለ የሎንዶን ተወላጅ በ1786 ዓመት ገደማ (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በቅባት ቀለም የሣለው የሌቲሺያ ታሪክ ነው። ሥዕሉ ስድስት ነው። ጆን ራፋኤል ስሚዝም በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርፆ በ1789 ስላሳተመው፥ ዋናውን ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው የወረቀቱን ቅጂ ለማግኘት ቻለ።

በመጀመሪያው ሥዕል ሌቲሺያ ከወላጆቿ ጋራ በደስታ ተቀምጣ ትታያለች። በሁለተኛው አገባሻለሁ ያላትን አታላይ አምና በእኩለ ሌሊት ወደ ሎንዶን ትኰበልላለች። ሦስተኛውን ግን ፈጥነን ልናልፈው አይገባም። ልጂቱ ገጸ በረከት ይዛ ከአባቷ ልትታረቅ ትመጣለች፤ እርሱም አልቀበልም ይላታል። ከዚህ በኋላ ለጭምብል ጭፈራ ስታጌጥ፥ ቀጥሎም ያ ሰው ጥሏት በመጠጥ ቤት ደጃፍ ስትንከራተት እናያለን። በስድስተኛው ተጸጽታ ትመለሳለች፤ ወላጆቿም ይቀበሏታል።

እኛ የምናደንቀው የአባትዮውን ነገር ነው። ስጦታ ይዛ ስትመጣ ፊቱን ያዞረባት ሰው፥ ተቸግራ ስትመጣ ተቀበላት። በፊት የመጣችው ዕርቁን በገንዘብ ልትገዛ ነበር፤ በኋላ ግን ከራሷ በቀር ያመጣችው የለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተነገረለትም ልጅ የተመለሰው ባዶ እጁን ነው። ነገር ግን የዚያ ልጅ አባት ገና ከሩቅ አይቶት ሮጦ አቀፈው፤ የሌቲሺያ አባት አስቀድሞ አንድ ጊዜ መልሷታል። በዚህ መካከል የደረሰባትን መከራ አስቦ፥ ጨከነባት ብሎ የሚፈርድ አንባቢ ቢኖር ልንከራከረው አንደፍርም።

በ1811 ሥዕሎቹ እንደ ገና ሲታተሙ የልብሱ ሞድ አልፎበት ስለ ነበር በሰሌዳው ላይ ልብሱ ብቻ ተለወጠ።

ሠዓሊው ግን የሣለውን ሰላም በቤቱ አላገኘም። በዚያው በ1786 አን ዋርድን አገባ፤ ወንድሟ ዊልያም ዋርድም የሞርላንድን እኅት አገባ። ሁለቱ ባለትዳሮች በአንድ ቤት አብረው ቢቀመጡ በጠብ ተለያዩ። ኋላም መጠጥና ዕዳ በረታበትና በ1804 በዕዳ እንደ ተያዘ በ41 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱም መርዶውን ከሰማች በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ተከተለችው፤ በአንድ ቦታም ተቀበሩ።