ሰባት ቤት ሲቈጠር ሕመሙም ይቈጠር

በአገራችን ልማድ ልጁን ለመዳር የሚያስብ አባት አስቀድሞ ዘር ይቈጥራል። እስከ ሰባት ቤት ወጥቶ ዝምድና አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ቃሉን ይሰጣል። ነገር ግን አያት ቅድመ አያቱን በስም የሚጠራ ሽማግሌ እነዚያ ሰዎች በምን ደዌ እንደ ሞቱ ሲጠየቅ «ታመው ሞቱ» ከማለት በቀር መልስ የለውም። በዛሬው ዘመን ግን ይህ ሁለተኛው ቈጠራ እንደ ፊተኛው አስፈላጊ ሆኗል።

በየወሩ በ19 ቀን ብሥራተ ገብርኤልን ለመሳለም የሚሄዱ አባቶች ስለ ወገባቸውና ስለ ዓይናቸው ሕመም በግልጽ ይጫወታሉ፤ ስለ ሽንት መቸገር ግን መናገር እንደ ነውር ይቈጠራል። ከሽንት ፊኛ በታች ያለው ፕሮስቴት የሚባለው የወንድ እጢ በካንሰር ሲያዝ በመጀመሪያው ጊዜ አብዛኛውን ሕመም አይሰማም። ስለዚህ ሐኪሞች በደም ውስጥ ምልክት ይፈልጋሉ። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. ቻርልስ ሐጊንስ የተባለው ሐኪም በቺካጎ ከተማ፣ የዚህ ካንሰር ምልክት በደም ተለክቶ ሕክምናው መርዳት አለመርዳቱን እንደሚያሳይ ገለጸ፤ በ1966 ዓ.ም.ም ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ የሚለካው ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው ነው። ይሁን እንጂ መጠኑ ከፍ ማለቱ ብቻውን ካንሰር አለ አያሰኝም፤ እጢው በዕድሜ ሲያብጥ ወይም ሲቈስልም ከፍ ይላል። ዝቅ ማለቱም ፍጹም ዋስትና አይሆንም። ፍርዱ የሐኪም ነው።

ከዚህ የጠለቀው ምርመራ የዘር ነው። ከእናትና ከአባት የሚወረሰው፣ በሰውነት ውስጥ እንደ ተጻፈ ትእዛዝ ያለው ነገር ጂን ይባላል። በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ቢ.አር.ሲ.ኤ. 1 እና 2 የተባሉት ጂኖች ተለይተው ታወቁ። ጉድለታቸው የሴቶችን ጡት የሚያሳምም ብቻ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን በተለይ የሁለተኛው ጉድለት በወንዶች ላይ የፕሮስቴትን፣ የጡትንና የቆሽትን ካንሰር ያበዛል። ጉድለቱን የያዘ አባት ለእያንዳንዱ ልጁ፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ በእኩሌታ ዕድል ያወርሰዋል። እንግዲህ አባት ስለ ራሱ ሲደብቅ የሴት ልጁን መጠንቀቂያ ጭምር ይደብቃል።

ለታማሚው ለራሱም ጥቅም አለው። በ2020 ዓ.ም. ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት ጉድለቱ ላለባቸውና ሕመማቸው ለተስፋፋ አንዳንድ የፕሮስቴት ሕሙማን በአሜሪካ ተፈቀደ።

«ይህ ቢሰማ ዘራችን ይነቀፋል፤ ልጆቻችንም ባል አያገኙም» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ቀላል አይደለም። ጉድለቱን መያዝ ግን መታመም አይደለም፤ ብዙዎች ይዘውት ሳይታመሙ ይኖራሉ። ደግሞም ምርመራው በአደባባይ የሚነገር ነገር አይደለም፤ በሐኪምና በቤተ ሰብ መካከል የሚቀር ምሥጢር ነው። አባቶቻችንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል።

በአዲስ አበባ የካንሰር ሕሙማን መዝገብ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይጻፋል። የየቤቱን መዝገብ ግን ከቤቱ ሽማግሌ በቀር የሚጽፈው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባት ከወላጆቹ፣ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ማን በምን ካንሰር፣ በስንት ዓመቱ እንደ ታመመ በወረቀት ያስፍር፤ ሐኪም ዘንድም ሲቀርብ ያንን ይዞ ይቅረብ። ለልጆቹም ከርስቱ ጋር ይህን ያውርስ።