ኮሌስትሮሉ ደህና፣ ምቱ የተዛባ

ከአያት አደባባይ እስከ ሲኤምሲ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ መድኃኒት ቤት፣ ክሊኒክና ላቦራቶሪ አይጠፋም። በዕድሜ የገፉ የሰፈሩ ሰዎች ስለ ልባቸው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ያወጡትን ውጤት ነው፦ «ኮሌስትሮሌን ታይቻለሁ፣ ደህና ነኝ።» ወረቀቱ ላይ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል፣ ጥሩው የሚባለው ኤችዲኤል እና ትራይግሊሰራይድ ተዘርዝረዋል። አራቱም ስለ ደም ቧንቧ ብዙ ይናገራሉ። ልብ በሥርዓት ይመታ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አይናገሩም።

በአረጋውያን ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ምት መዛባት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። የልብ ሁለቱ የላይኛ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። በዚህ ጊዜ በግራው የላይኛ ክፍል ጥግ ባለች ኪስ ውስጥ ደም ይተኛል፤ የተኛ ደም ደግሞ ይረጋል። የረጋው ቁራጭ ተነቅሎ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ያስከትላል። ይህ ችግር ያለበት ሰው በስትሮክ የመመታት ዕድሉ ከሌለበት ሰው ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ በተደረጉ ቆጠራዎች፣ ዕድሜያቸው ከ80 ካለፈ ሰዎች ከ10 አንዱ ገደማ ይህ ችግር አለበት። በሰፈር «መጋኛ መታቸው» ተብሎ ከሚታለፈው ውስጥ መነሻው ይኸው የሆነ ሊኖር ይችላል።

ተረቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ኮሌስትሮል ዝቅ ካለ ልብ አይዛባም።

እውነታው ከዚህ ይለያል፤ እንዲያውም ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን ግራ ያጋባ ነው። አሪክ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ ጥናት ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ከ18 ዓመት በላይ ተከታትሎ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ውጤት፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸውና ኤልዲኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎች በኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተያዙት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር መሆኑን አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደውን የፍራሚንግሃም ጥናት ከሌላ ጥናት ጋር አጣምረው ያዩ ተመራማሪዎች ደግሞ በኤልዲኤልና በምት መዛባት መካከል ግንኙነት አላገኙም። በእነሱ መረጃ ያስጠነቀቀው የኤችዲኤል ማነስና የትራይግሊሰራይድ መብዛት ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ ከውፍረት፣ ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር አብረው የሚጓዙ ናቸው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ የኋለኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ይበልጥ ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2015 እ.ኤ.አ. ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ የተገኘው ከ100 አዋቂ 5 ገደማ ብቻ ነው፤ ኤችዲኤሉ ያነሰው ግን ከግማሽ በላይ ነበር። ስለዚህ «ኮሌስትሮሌ ደህና ነው» የሚለው አባባል እዚህ አገር ለአብዛኛው ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም የተነገረው እውነት ግማሹ ነው።

«እንግዲያው ቅባት ልብን ይጠብቃል ማለት ነው?» ብሎ ወደ ቅቤው ዕቃ የሚሮጥ አይጠፋም። የለም። ኤልዲኤል የልብን ደም ቧንቧ እንደሚያጠብብ ብዙ ማስረጃ አለ፤ የጠበበው ቧንቧ ሲዘጋ የሚጎዳው የልብ ጡንቻ ደግሞ ለምት መዛባት ይጋለጣል። የዝቅተኛ ኮሌስትሮል እንቆቅልሽም ቢሆን ከፊሉ ይፈታል። ሰው ሲታመምና ሲከሳ ኮሌስትሮሉ ይወርዳል፤ ዝቅ ያለው ቁጥር የበሽታው ምልክት እንጂ ምክንያቱ አይደለም። በዚህ ላይ ደጋው የኢትዮጵያ ክፍል የሚያውቀው እንቅርት አለ። እንቅርት የሚባለው ያበጠ የታይሮይድ ዕጢ ነው፤ ይህ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፦ ኮሌስትሮልን ያወርዳል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። ክብደታቸው የቀነሰ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ልባቸው ትር ትር የሚል አዛውንት የኮሌስትሮል ወረቀታቸው ሲያምር ሊደሰቱ ይችላሉ፤ ሐኪሙ ግን የታይሮይድ ምርመራ ማዘዝ አለበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ለካ ለእንዲህ ዓይነቱም ይሆናል።

ኮሌስትሮል የሚያወርደውን ስታቲን የተባለውን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆምም ከዚሁ ግራ መጋባት የሚመጣ ነው። ስታቲን የሚታዘዘው ለደም ቧንቧው ነው፤ ምት እንዲያስተካክል አይደለም። የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ስለሄደ የቤቱ መብራት ተፈትሿል ማለት አይደለም፤ መብራቱ ስላልተሠራም ቧንቧው አይነቀልም።

ወደ አያት ቤቶች መለስ ሲባል አንድ የተለመደ ዕቃ ይገኛል። ልጆቻቸው አሜሪካ ወይም ካናዳ የሚኖሩ ወላጆች ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ወይም ቡፌው ላይ፣ ወርቃማ እንክብሎች የሞሉበት ትልቅ የኦሜጋ 3 ብልቃጥ ይቀመጣል። «ለልብ ነው፣ ከባሕር ዓሣ የተሠራ ነው፣ ጉዳት የለውም።» የዓሣ ዘይት በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ትራይግሊሰራይድን ማውረዱ እውነት ነው። ጉዳት የለውም የሚለው ግን ተረት ነው። ሪዱስ-ኢት በተባለው ሙከራ በቀን 4 ግራም የተጣራ የኦሜጋ 3 መድኃኒት ከወሰዱት ውስጥ በልብ ምት መዛባት ሆስፒታል የተኙት 3.1 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ግን 2.1 በመቶ ነበሩ። በዚያው ሙከራ መድኃኒቱ የልብ ጡንቻ በደም ማጣት መጎዳትንና ስትሮክን መቀነሱም ታይቷል፤ ስለዚህ ለማን እንደሚስማማ መለየት የሐኪም ሥራ ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2023 እ.ኤ.አ. ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሐኪም በሚታዘዙ የኦሜጋ 3 መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ አድርጓል። አንድ ነገር የደሙን ቅባት እያሻሻለ ምቱን ሊያበላሽ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። በስጦታ የመጣ ብልቃጥ ሐኪም ዘንድ ከሌላው መድኃኒት ጋር አብሮ ቢታይ ነውር የለውም።

ቡና ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። የጀበና ቡና ይፈላል፣ አተላው ይዘቅጣል፣ በወረቀት ማጣሪያ ግን አያልፍም፤ ካፌስቶል የተባለው ቅባት ስኒው ውስጥ ይቀራል፣ ኮሌስትሮልንም በመጠኑ ከፍ ያደርጋል። ቡናና ኮሌስትሮል የሚገናኙ መሆናቸው በኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷል። ምቱስ? «ልብህ ይመታል፣ ቡና ተው» የሚለው ምክር በየቤቱ አለ። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሙከራ ምታቸው በኤሌክትሪክ የተስተካከለላቸውን 200 ሰዎች ቡና የሚጠጡና የሚያቆሙ ብሎ ከፈለ። በ6 ወር ውስጥ ችግሩ የተመለሰባቸው ከጠጪዎቹ 47 በመቶ፣ ካቆሙት 64 በመቶ ነበሩ። አንድ ሙከራ ሁሉን አይዘጋም፤ ቢሆንም የአቦሉን ስኒ የሚከስ ማስረጃ እየሳሳ ነው። የሚገርመው፣ ቡናን የሚከስ ሰው ጠጅና አረቄን ሲያልፋቸው ነው። አልኮል የምት መዛባትን እንደሚቀሰቅስ ከታወቀ ቆይቷል፤ ሐኪሞች ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከበዓል መጠጥ በኋላ የሚመጣውን መዛባት የበዓል ልብ ብለው ስም አውጥተውለታል።

ምቱ ተዛብቶ ከተገኘ በኋላም ተረቱ አያበቃም። «አስፕሪን ደም ያቀጥናል፣ እሱ ይበቃል» የሚለው ከሁሉም የሚከብደው ነው፣ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ስላለበት። በ2011 እ.ኤ.አ. 5,600 ገደማ ሕሙማንን ያሳተፈ ሙከራ አስፕሪንን አፒክሳባን ከተባለ ደም ማቅጠኛ ጋር አወዳደረ፤ አፒክሳባን የስትሮኩን ቁጥር ከግማሽ በላይ ስለቀነሰ ሙከራው ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድም የዚህ መድኃኒት ምትክ አይሆኑም።

ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለባቸው፦ ጎመን። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፣ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። በዐቢይ ጾም ማዕዱ ላይ ጎመን ሲበዛ የደሙ ቅጥነት ይወርዳል፤ ለፋሲካ ዶሮው መጥቶ ጎመኑ ሲቀር ቅጥነቱ ተመልሶ ይወጣል። መፍትሔው ጎመን መተው ሳይሆን ከሳምንት ሳምንት በተቀራራቢ መጠን መብላት፣ በጾም መግቢያና መፍቻ ሰሞንም አይ ኤን አር የሚባለውን ምርመራ ማሠራት ነው።

«የሽማግሌና የሀብታም በሽታ ነው» የሚለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በህንድና በየመን የሪህ ልብ በሽታ ሕሙማንን የመዘገበው ሬመዲ የተባለ ጥናት 3,343 ሰዎችን አካትቷል። የዕድሜያቸው አማካይ 28 ዓመት ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነበረበት። የልብ በሽታቸው መነሻ በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም እንጂ የጮማ ምግብ አይደለም። በአረጋውያን ላይ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የደም ግፊት ነው፤ በ2015ቱ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂ 16 ገደማው ግፊት ነበረበት።

ታዲያ ምቱ እንዴት ይታወቃል? የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ዕድሜው 65 የሞላው ሰው ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር የልብ ምቱ እንዲዳሰስ ይመክራል፤ ላቦራቶሪም ገንዘብም አይጠይቅም። ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ ይቀመጣል፣ ለ30 ሰከንድ ይቆጠራል። የሚፈለገው የምቱ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ እኩል መራራቁም ነው። አንዱ ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ፣ ሌላውም ደከም ብሎ የሚመጣ ከሆነ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ኢኬጂ መነሳት ያስፈልጋል። ችግሩ መጥቶ የሚሄድ ስለሆነ አንድ ቀን የተነሳ ኢኬጂ ጤነኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ሐኪሙ ከጠረጠረ ሆልተር የተባለችውን አነስተኛ መሣሪያ ደረት ላይ ለጥፎ ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እንዲመዘገብ ያደርጋል።