የጠመንጃ እንጨትና የተልባ ዘይት

የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓድዋ ድል 130ኛ ዓመቱን ያዘ። በዓሉ በመጣ ቁጥር አሮጌ ጠመንጃዎች ከተሰቀሉበት ይወርዳሉ። ዋግሹም ጓንጉል ጦራቸውን ይዘው የዘመቱበት የዋግ ምድርም ይህን ቀን በኩራት ያስበዋል። ሰው ብረቱን ይወለውላል፤ እንጨቱን ግን ወይ ይረሳዋል፣ ወይ ቫርኒሽ ይለቀልቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ እንጨቱ ነው።

ውጅግራና ቤልጅግ የሚባሉት የዚያ ዘመን ጠመንጃዎች እንጨት በአብዛኛው ዋልነት ነው። እንዲህ ያለው እንጨት በዘይት የሚታሸው ለውበት ብቻ አይደለም። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በዋግ፣ በሰቆጣ ዙሪያ፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አልፎ ረጅሙ በጋ ሲገባ ይህ መፈራረቅ ይበረታል። የተጣመመ እንጨት ብረቱን እየገፋ ኢላማ ያስታል፤ የደረቀው ደግሞ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ታዲያ ሁሉም ዘይት ለዚህ አይሆንም። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊኖሌኒክ አሲድ ለዚህ ያበቃዋል። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፣ ግን ይዘገያል። የጉሎ ዘይት አይደርቅም። ቅቤ አቧራ ሰብስቦ ይሻግታል፤ የሞተር ዘይት ደግሞ እንጨቱን አጥቁሮ ያላሽቀዋል። ደስ የሚለኝ ተልባም ኑግም የደጋችን ሰብል መሆናቸው ነው፤ ኑግማ ለማሳ የበቃው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በቀለም መሸጫ የሚገኘው «የተፈላ» የተልባ ዘይት ማድረቂያ ኬሚካል ስላለበት ቶሎ ይደርቃል፤ ለምግብ ግን አይሆንም።

ጎማላካና ቫርኒሽ ደግሞ እንደ ዘይት ወደ ውስጥ ሳይገቡ ከላይ ተነጥፈው ይቀራሉ፤ አንድ ቦታ ሲላጡ ማደሱ አስቸጋሪ ነው። የክላሽ ሰደፍ ከፋብሪካው በላክ ተለብጦ ስለሚወጣ ዘይት አይጠጣም።

ትልቁ ክርክር ያለው ታሪክ ባላቸው ጠመንጃዎች ላይ ነው። የሙዚየም ባለሙያዎች የተልባ ዘይትን አይወዱም፤ ከዓመታት በኋላ ይጠቁራል፣ አንዴ ከጠነከረም በቀላሉ አይነሣም። ስለዚህ ስስ ሰም ይመርጣሉ። የብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ ሙከራ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዚህ የሚሆን ሰም ከፔትሮሊየም አዘጋጅቷል፤ የንብ ሰም አሲድነት ስላለው ነው። ለሙዚየም ዕቃ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በሕጋዊ ፈቃድ ቤት ውስጥ ያለ፣ በእጅ የሚያዝና ዝናብ የሚነካው ጠመንጃ ግን ዘይቱን ይፈልጋል። በሁለቱም በኩል ይቅር የማልለው ብርጭቆ ወረቀት ነው። የፋብሪካውን ማኅተም፣ ባለቤቱ የቀረጸውን ምልክት፣ የጉዞውን ጭረት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሙሉ በሙሉ ሊፍቀው ይችላል፤ የተፋቀው አይመለስም።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፤ እንጨቱ ከብረቱ ተለይቶ የቆየው ቅባትና እድፍ በጨርቅና በጥቂት አኳራጅ ይነሣል። ጥቂት ጠብታ ዘይት በመዳፍ ይታሻል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልገባው ትርፍ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ትርፉ ከቀረ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የሚቀጥለው ቅብ የፊተኛው በደንብ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ያልተፈላ ዘይት በየቅቡ ብዙ ቀን ስለሚወስድ ለየካቲት የሚፈለግ እንጨት ኅዳር ላይ ቢጀመር ይሻላል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨምድዶ ከተከመረ ራሱ ግሎ ይነዳልና በውኃ ተነክሮ ወይም ተዘርግቶ ደጅ ይድረቅ።